የጋለችው ዲስክ

ከኮምፒውተሩ ጎን የምትሰካው ዲስክ መዳፍ አትሞላም፤ ሁለት ጎጆ ግን ችላ ይዛለች። የኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክ ከተቃጠለ ወዲህ፣ ልጅቷ ሁለት ኦፕሬቲንግ ሲስተም የጫነችው በሷ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በየትኛው ልክፈት ብሎ ይጠይቃል። አንደኛው የልጅቷ ነው፤ ቤቷ ተቀምጣ ለፊልሞች የግርጌ ጽሑፍ ትሠራበታለች። ሁለተኛው፣ አሮጌው፣ የአባቷ ነው። ሐኪሞች ማንቁርታቸውን ከማውጣታቸው በፊት ልጅቷ እየለመነችም እየተቆጣችም ብዙ ዐረፍተ ነገር አስነብባ ድምፃቸውን ቀድታው ነበር። አሁን እሳቸው ይጽፋሉ፣ ፕሮግራሙ በገዛ ድምፃቸው ይናገራል። ያ ፕሮግራም ደግሞ አመለኛ ነው፤ ከአሮጌው ሲስተም በቀር በሌላ አልሠራም ብሏል፤ የተቀዳው ድምፅም ያለው እዚያው ብቻ ነው።

እሳቸው ታዲያ ዝም ያሉበትን ጊዜ ሊክሱ ነው መሰል፣ ወሬ ጀመሩላችሁ! ጎረቤቱን ይተርባሉ፣ ዜና አንባቢውን ይሳደባሉ፣ ያሉትንም ሁሉ ያስቀምጣሉ። የሳቸው ወገን ጢም ብሎ ሞላ።

«ከኔ ቆርሼ ልስጥዎ» አለች ልጅቷ። ድንበር መግፋት በሉት፤ የሷን ማጥበብ፣ የሳቸውን ከቦታው አንስቶ ማስፋት። መጀመሪያ ቅጂ መያዝ እንዳለባት ጠፍቷት አይደለም። ግን ሌላ ዲስክ የላት፤ «ምን ይመጣል» አለችና ጀመረች። የሷ ወዲያው ጠበበ። የሳቸው መጓጓዝ ሲጀምር፣ ነገሩ ሰዓታት እንደሚፈጅ አይታ፣ «አባዬ፣ ኮምፒውተሩን እንዳይነኩ፣ አደራ!» ብላ ልብስ ልታሰጣ የፎቁ ጣሪያ ላይ ወጣች።

ኮምፒውተሩንስ አልነኩም። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፋብሪካ ጄኔሬተር ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ለሳቸው ሕግ አንድ ነው፦ የጋለ ነገር መጀመሪያ ይጠፋል፣ ከዚያ ይጠየቃል። ዲስኳን ዳበስ ቢያደርጓት ትፋጃለች። ስክሪኑ ላይ እንዳትነቅሉ የሚለው ማስጠንቀቂያ በማያነቡት ቋንቋ ነው። ልጃቸውን እንዳይጠሩ በምን አፋቸው? ጠረጴዛውን ደበደቡ፤ ጣሪያ ላይ ማን ይሰማል። ነቀሏት።

ልጅቷ ስትመለስ ዲስኳ መስኮት ላይ ተቀምጣለች፤ አባቷ አጠገቧ ቆመው በካርቶን ያራግቡላታል።

ልጅቷ ዲስኳን አንስታ መልሳ ሰካቻት። የሷ ሲስተም ምንም እንዳልተፈጠረ ተከፈተ። የሳቸው የለም። ዲስክ ለሚጠግነው ወዳጇ ደወለች፤ የሚያውቀውን ሁሉ በስልክ አስሞከራት።

«ግማሹ ከሚሄድበት አልደረሰም፣ ግማሹም ከነበረበት የለም» አላት በመጨረሻ። «እህቴ፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። አይዞሽ፣ አባትሽን እንደ አዲስ ቅጃቸውና ሌላ እንሠራለን።»

እሱ ምን ያውቃል! የሚቀዳ ምን ድምፅ አላቸውና።

ስልኩን ዘጋች። ልትቆጣ ዞረች፤ ፊታቸውን ስታይ ቁጣው ቀረ። ልትነግራቸውም አቃታት። አባቷ ግን ደስ ብሏቸው ወንበር ሳቡ። የሷ መጻፊያ ገጽ እንደተከፈተ ነው፤ በአንድ ጣት ፊደል እየለቀሙ «ባልደርስ ኖሮ ድምፄ ተቃጥሎ ነበር» ብለው ጻፉ። ሁልጊዜ የሚጫኑትን ቁልፍ ተጫኑና ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ ሰጡ።

ምንም የለም። ልጅቷ ቢጨንቃት ጽሑፉን በራሷ አፍ አነበበችላቸው።

እጃቸውን አወዛወዙባት፤ አንቺ ዝም በይ፣ እኔ ልናገር ነው እንደማለት። ቁልፉን እንደገና ተጫኑት።