ባይታይ የሚሻል ድንጋይ

ድንጋይ ፈላጩ አበረ ጥሩ ድንጋይ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አይደለም። ዘንድሮ ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ወጣና ግልገል ዓባይ ከመቼውም ይልቅ ጎደለ። ውሃው ሲሸሽ መሀል ወንዙ ላይ በሬ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ብቅ አለ። ለአዲሱ ቤት መሠረት እግዜር ራሱ አቀበለው! ጎተራ ያለውን ጤፍ ዳንግላ ገበያ ሸጦ ቆርቆሮ ሊገዛ ቆርጧል፤ ሚስቱ እታለማሁም የሣር ቤት ከሰለቻት ቆይታለች።

ምሳ ላይ ይህንኑ ሲያወራ የጂኦግራፊ አስተማሪዋ ልጁ ሀይማኖት ስልኳን ዘረጋችለት።

«አባዬ፣ እርስዎ የሚሉት ዓይነት ድንጋይ ጀርመን አገርም አለ፤ ኤልበ የሚባል ወንዝ ውስጥ።»

ወንዙ ከተራራ ወርዶ፣ ገደል ሰንጥቆ፣ ድሬስደንንና ሐምቡርግን አልፎ ባሕር ይገባል አለችው። ዝናብ ሲጠፋ መርከቡም ይቆማል፤ ያኔ ድንጋዮቹ ይወጣሉ። የጥንት ሰዎች ድርቅ የመጣበትን ዓመት ቀርጸውባቸዋል፤ አራት መቶ ዓመት ያለፈው አለ። አንዱ ላይ፣ ያየኝ ያልቅስ የሚል ተጽፎበታል።

«ድንጋይ ደግሞ አልቅሱ ይላል? ሥራ የፈታ ፈረንጅ!» ብሎ ሳቀ አበረ። ስልኩን ግን ደግሞ ተቀብሎ አየው።

በማግሥቱ ጠዋት መዶሻና ሽብልቅ ይዞ ወንዙ ውስጥ ገባ። ሽብልቁን የሚያስገባበትን ቦታ ሊመርጥ የደረቀውን ጭቃ ሲፍቅ መስቀሎች ተደርድረው አገኘ። ሰባት ናቸው። የላይኞቹን ውሃ በልቷቸዋል። የመጨረሻዋ የግራ ክንዷ አጭር ነው። መዶሻውን አስቀመጠ። ሟቹ አባቱ ይኸነው በጠረበው ድንጋይ ሁሉ ላይ ይተዋት የነበረች ምልክት ናት!

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ አበረ ገና ልጅ ሳለ፣ አባቱ ለገዛ እህቱ ሰርግ እንኳ እህል አልሸጥም ብሎ ዘመድ ሁሉ ንፉግ ብሎት ነበር። ረሃቡ ሲገባ ያው ዘመድ የበላው ከእሱ ጎተራ ነው። እንዴት አወቅህ ሲሉት «ወንዙ ነገረኝ» ይላል፤ ቀልድ መስሏቸው ይስቁ ነበር።

አበረ ውሃው መሀል ቆሞ መስቀሎቹን በጣቱ ዳሰሰ። ስድስቱንስ ማን ቀረጻቸው? ስማቸውን የማያውቃቸው አባቶች እዚሁ ቆመው ነበር፤ ባሕር ማዶም፣ እሱ በማያውቀው ወንዝ ውስጥ፣ ሌሎች እንዲሁ ቆመው ነበር። ሊፈልጥ የመጣው የእነሱን ቃል ነው። መሮውን አወጣና ስምንተኛዋን መስቀል ቀረጸ።

«ጤፉ አይሸጥም» አላት እታለማሁን ቤት ሲገባ።

«ቤቱሳ?»

«ሣሩን እናድሰዋለን።»

«ወይኔ! አባትህ ተነሡብኝ!» አለች።

«ተነሡ» አላት፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

ዓመቱ እንደተፈራው ከበደ። ከዚያ ጎተራ ያልቀመሰ ጎረቤት አልነበረም። በኋላ ክረምቱ ተመልሶ፣ ግልገል ዓባይ ድፍርስ ብሎ ሞልቶ ድንጋዩን ሲውጠው አበረ ዳር ቆሞ አየ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራውን ሁሉ ሰው እንዲያይለት የሚወድ ሰው ነበር። ያቺን መስቀል ግን ማንም ዳግም እንዳያያት ኮፍያውን አውልቆ እግዜርን ለመነ።