የአቶ ወንድሙ ፍሬም

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት፣ የሰጠችኝን ፍላሽ ኮምፒውተሩ ላይ እየሰካሁ።

«ምን ሆንኩ?» አለች ፎቶ ልታሳትም የመጣችው ኪብሮን።

ከስክሪኑ ላይ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በቁም ነገር ያዩኛል። አዲሱ ገበያ ባለው ማተሚያ ቤታችን የሽማግሌ ፎቶ በትልቁ ይታተም፣ የእንጨት ፍሬምም ይኑረው ከተባለ ሰውየው ዐርፈዋል ማለት ነው። «አባትሽ...» ብዬ ጀመርኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው በሩ ላይ ጭቃቸውን እየጠረጉ። «ገና ነኝ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አቶ ወንድሙ ግን አልተቀየሙም። እንዲያውም ችግራቸው ይኸው፣ ገና አለመሞታቸው ነበር። እሳቸው የሚመሩት ሽሮ ሜዳ ያለው እድር የሊቀመንበሮቹን ፎቶ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ደንቡ ግን በሕይወት ላለ ሊቀመንበር ፍሬም የሌለው ፎቶ፣ ለሞተ ብቻ ፍሬም ይላል። ከሳቸው በፊት የነበሩት ሁሉ ፍሬማቸውን ሳያዩት ቀርተዋል።

«እኔ ማየት እፈልጋለሁ» አሉ። «አንቺ በኮምፒውተር ትስዪዋለሽ፣ ከፎቶው ጋር አብሮ ይታተማል። ፍሬም ነው? አይደለም። ፍሬም ይመስላል? እሱ ያንቺ ሥራ ነው።»

ልጃቸው ኪብሮን ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

ከኋላዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሰው እያየኝ መሥራት አይሆንልኝም፤ ይህን መናገር ደግሞ ከዚያ ይብሳል። በፎቶሾፕ የፎቶውን ዙሪያ ቡናማ ቀለም ሞላሁት።

«ይሄ ቸኮሌት ነው» አሉ።

ቀለሙ ላይ ደቃቅ ነጠብጣብ በተንኩና በአንድ አቅጣጫ ሳብኩት፤ ነጠብጣቡ እየረዘመ የእንጨት መስመር ሆነ። አንዳንዱን መስመር አጣመምኩ፣ ቅርንጫፍ የተቆረጠበት የሚመስል ጠቆር ያለ ክብም ጨመርኩ።

«አሁን እንጨት ሆነ። ግን ግራና ቀኙ አይገጥምም» አሉ። በሽመና ያረጁ ሰው ናቸው። «ጥለቱ ያልገጠመ ነጠላ ማን ይገዛል?»

«እ... ማለቴ፣ እንጨት እንደዚያ አይበቅልም።»

«የኔ ልጅ፣ ይሄን የምታበቅይው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

 ግራውን ገልብጬ ቀኙን አስመሰልኩት። ማዕዘኖቹን በሰያፍ ቆረጥኩ፣ ብርሃን ከላይ የመጣ እንዲመስል የላይኛውን ጠርዝ አፈካሁ፣ በመጨረሻ ፍሬሙ ፎቶው ላይ የሚጥለውን ቀጭን ጥላ ሳልኩ። ጥላው ሲመጣ አቶ ወንድሙ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ጣታቸውን ዘርግተው ስክሪኑን ነኩት፤ ከዚያ ጣታቸውን አዩ።

«እሑድ የእድሩ ስብሰባ ላይ ትመጫለሽ» አሉኝ። «ጥያቄ ከተነሳ ታስረጃለሽ።»

ሳምንቱን ጥያቄ እንዳይነሳ ስጸልይ ከረምኩ።

ተነሳ። እሑድ ፎቶው አዳራሹ ውስጥ እንደተሰቀለ የእድሩ ጸሐፊ አቶ መዝገቡ ብድግ አሉ። «ሊቀመንበራችን በቁማቸው ፍሬም አሠርተዋል! ደንብ ተጥሷል፣ ይውረድ!»

«የምን ፍሬም?» አሉ አቶ ወንድሙ።

«ዓይን የለንም እንዴ?»

«ዓይንማ አለዎት። እጅዎን ያምጡ።»

ኪብሮን በጣቷ ስለጠቆመችኝ አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። «ቀለም ነው» አልኩ።

«ጮክ በይ!» አለ አንዱ ከፊት።

«ቀለም ነው» አልኩ፤ ድምፄ ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ወጣ።

አቶ መዝገቡ ወንበር ላይ ወጡ። የፍሬሙን ጠርዝ በጥፍራቸው ሊፈለቅቁ ሞከሩ፣ ጥፍራቸው ተንሸራተተ። በመዳፋቸው ዳበሱት። ጉንጫቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከጎን አጮልቀው አዩት።

«ይተዉ አቶ መዝገቡ፣ ሰውየውን ኮረኮሯቸው እኮ!» አለች አንዲት ሴት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። እጅ ያልያዘው ነገር ፍሬም ሊባል አይችልም ብለው ወሰኑ። አቶ ወንድሙ ጎንበስ ብለው አመሰገኑ፣ ወንበራቸውን ወደ ፎቶው አዞሩ፣ የቀረውን ስብሰባ ጀርባቸውን ለአባላቱ ሰጥተው መሩት።

ሰኞ ጠዋት አቶ መዝገቡ ማተሚያ ቤቱ መጡ። የጸሐፊም ፎቶ ይሰቀል የሚል ሐሳብ ለእድሩ ማቅረባቸውን ነገሩኝ፣ ፎቷቸውን ሰጡኝ፣ ከሊቀመንበሩ ሰፋ ያለ ፍሬም አዘዙ። ሠራሁላቸው።