ከቤት አትውጡ

ማስጠንቀቂያው ሰው ጎዳ። ትንበያውስ ልክ ነበር፤ ሙቀቱ በተባለበት ቀን፣ የተባለውን ያህል መጣ። ጉዱ ከትንበያው ሥር የተጻፈችው ምክር ናት፦ «ከቤት አትውጡ።» ጸሐፊዋ ወጣቷ የአየር ንብረት ተመራማሪ ስትሆን፣ ምክሯን አምነው በር ዘግተው ከተቀመጡት አንዷ የገዛ አክስቷ ነበሩ። ጎረቤት በሩን ገፍቶ ሲገባ፣ አክስት በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ራሳቸውን ስተው ተዘርረዋል።

አክስት አሁን ሆስፒታል ናቸው። ነገ የባሰ ሙቀት አለ፤ ያቺው ምክር ደግሞ ከመምሸቱ በፊት ለከተማው ስልክ ሁሉ ልትላክ ነው። ተመራማሪዋ አለቃዋ ቢሮ ውስጥ መቀመጥ አቅቷት ከመስኮቱ ወደ መደርደሪያው ትመላለሳለች። በሌሉበት «ጋሽ ቴርሞሜትር» የሚባሉት አለቃ ቬንቲሌተሩን ወደ ፊታቸው አዙረው ያዩዋታል።

ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ እሷ የጠራቻቸው ሁለት ሰዎች ይጠብቃሉ። መሐንዲሱ ቆርቆሮ ቤት ቀን ላይ ከደጅ እንደሚብስ ለክቶ ያውቃል። የጤና ጥናት ክፍሏ ሲስተር ደግሞ ሙቀት የጣለው ሰው ከየትኛው ሰፈር እንደሚመጣ ታውቃለች። ከተመራማሪዋ ጋር ሦስቱም የሚሠሩት እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ እስከ ዛሬ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ግን ከሰላምታ አልፈው አያውቁም። ክፍሎቹ ሥራዬን ሰረቅከኝ እየተባባሉ ሲናከሱ ኖረው፣ ያልታተመ ጥናት ለሌላ ክፍል አይታይም የሚል ሕግ አውጥተዋል።

ስብሰባ በከፈቱ ቁጥር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚሉት አለቃ፣ ሁለቱ ይግቡ ብትላቸው እንቢ አሉ። እኛ አየሩን እንለካለን፣ ጣሪያው የእነሱ ጣጣ ነው፤ ሲያሳትሙት እናነበዋለን።

«ጋሼ፣ ሰው እኮ አየር ላይ አይኖርም።»

«ልጄ፣ በሰው ማሳ አትግቢ።»

«ገብተን የለ እንዴ? ከቤት አትውጡ ስንል ስለ ቤት ምን እናውቅ ነበር?»

አለቃው ላባቸውን ጠረጉና ምክሩን እንዳለ እንድትልከው፣ ካልሆነ የሚልክ ሰው እንደማይጠፋ ነገሯት። እሷ ረቂቁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

«ወዴት ነው?»

«ወደ አግዳሚው። ሦስታችን እንጽፈዋለን። የት ሄዶ መጠለል እንደሚሻል እሱ ይንገረኝ፣ መራመድ የማይችለው ማን እንደሆነ እሷ ትንገረኝ። የሚቆጣ ከመጣ በስሜ ይሁን።»

አለቃው ለመነሳት አሰቡና ከቬንቲሌተሩ መራቅ አስጠላቸው።

«እሺ፣ በሩን እንኳ ክፍት ተዪው፤ ይታፈናል።»

ወጣችና ዘጋችው።