የወይዘሮ ብሬምሊ የክርስትና ስም

ዋጋዬ ልብ ወለድ የሚባል ነገር አትወድም። ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ ውሸት እንጂ ምን ይባላል ባይ ናት። የእህቷ ልጅ ሕይወት የመመረቂያ ጽሑፏ ተመልሶባት አንገቷን ደፍታ ስትገባ ግን ዝም ማለት አልሆነላትም።

ሕይወት እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ታጠናለች። የጻፈችው ከሞተ መቶ ሃምሳ ዓመት ስላለፈው አንድ እንግሊዛዊ ደራሲ ነው። ሰውየው ታሪኩን በየሳምንቱ በጋዜጣ እየቆራረጠ ሲያወጣ አንባቢን ሰቅዞ የያዘው በገጸ ባሕርያቱ ነው ትላለች። መምህሯ ደግሞ ይይዛል አልሽ እንጂ እንዴት እንደሚይዝ አላሳየሽም ብሎ መለሰባት። እስከ ሰኞ ካላስተካከለች ምርቃቱ ለከርሞ ነው።

ዋጋዬና ጎረቤቷ ፍቅርአዲስ የዘር ድንቹን ከሚበላው እየለዩ ነበር። እስቲ ለእኛ አውሪልን አሏት። ሕይወት ከወረቀቷ ጀመረች፤ ገጸ ባሕርይዋ ውስብስብ ናት፣ ውስጣዊ ግጭት አለባት እያለች። ፍቅርአዲስ አዛጋች።

«ይሄን ተይውና፣» አለች ዋጋዬ፣ «ሴትዮዋ ስትገባ ስትወጣ ምን ታደርጋለች?»

ሕይወት ወረቀቱን አስቀምጣ መጽሐፉን ገለጠች፤ ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብላቸው ጀመር። ወይዘሮ ብሬምሊ ቤት የምታከራይ መበለት ናት። የስኳሩን ሣጥን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፤ ስትናደድ እሱን ነው የምትጨብጠው። «እኔ ሐሜት አልወድም» ሳትል ሐሜት አትጀምርም። ተከራዮቿን ስትሰድብ ትውልና አንዱ ሲታመም ማንም ሳያያት ሻዩ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር ትጨምርለታለች።

«ይቺማ አንቺው ነሽ፣» አለች ፍቅርአዲስ።

«እኔ ስኳር ቆልፌ አውቃለሁ?»

«ምላስሽንስ?»

እየተከራከሩ የዘሩንም የሚበላውንም ድንች አንድ ጆንያ ውስጥ ጨመሩት፤ ሁለቱም ልብ አላሉም። የታመመው ተከራይ በሽታ ተጋብቶባት ሴትዮዋ አልጋ ላይ ስትወድቅና ቁልፉን ከአንገቷ ላይ ደፍሮ የሚያወልቅ ሲጠፋ ምዕራፉ አለቀ። ሕይወት ደክሞኛል ብላ መጽሐፉን ዘጋች። ዋጋዬ ለምና ለምና አልሆነላትም።

በማግስቱ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ዋጋዬ መምሬ ገብረ ማርያም ዘንድ ቀረበች፤ ሕይወት ከኋላዋ ናት። አንዲት ሴት በጠና ታማለችና በጸሎት ያስቧት አለቻቸው።

«የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉ መምሬ።

ዋጋዬ ወደ ሕይወት ዞረች። ሕይወት በሹክሹክታ፣ መጽሐፉ ላይ የለም፣ ብሬምሊም የባሏ ስም ነው አለቻት።

«የራሷ ስም እንኳ የላትም?»

«እቴቴ፣ ሴትዮዋ ራሷ እኮ የለችም። ደራሲው የፈጠራት ናት።»

«እንደሌለችማ አውቃለሁ፤ ግን ታማለች።»

መምሬ ሰሙና ተቆጡ። የሌለ ሰው ስም ጠርቼ ልጸልይ ወይ ብለው ሊሄዱ አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ ቀጥለውም ለመሆኑ ምን ዓይነት ሴት ናት አሉ። ዋጋዬ ታወራላቸው ጀመር። እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ ያልያዘችውን ቁልፍ ጨበጠች፤ ድምፅዋን አቅጥና ሐሜት አልወድም አለች። መምሬ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ጠበል የሚጠብቀውም ሰው ጠጋ ጠጋ አለ። ስኳሩ ላይ ስትደርስ መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንዲህ ያለች ሴት ዳንግላ አውቃለሁ። ቁልፉንስ ማን ወሰደው?»

ሕይወት እስክሪብቶዋን አወጣች።

ከሰዓት በኋላ አሮጌውን ጽሑፍ ትታ እንደ አዲስ ጀመረች። ውስብስብ የሚለውን ቃል አልጻፈችም። በአንድ ቁልፍ፣ በአንድ አባባልና በሦስት ማንኪያ የድብቅ ስኳር የተነሣ፣ የሌለች ሴት ቤተ ክርስቲያን ድረስ እንዴት እንደ መጣች ጻፈች። አንባቢ የሚያዘው የሚያውቀውን ዓይነት ሰው ሲያይ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ያልጠበቀውን ሲያደርግበት ጨርሶ መላቀቅ ያቅተዋል አለች።

ሰኞ ቀትር ላይ ዋጋዬ መንገድ ዳር ድንች ስትሸጥ ስልኳ ጮኸ። መምህሩ ጽሑፉን ቆሞ ጀምሮ፣ ወንበር ስቦ፣ ተቀምጦ ጨረሰው፤ አለፍኩ አለቻት ሕይወት። ዋጋዬ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ባጃጅ ሁሉ ቆሞ አያት።

«ደግ አደረግሽ፣ የኔ ልጅ። በይ አሁን፣ ሴትዮዋ ዳነች?»

ሕይወት ሳቀች። ደራሲው አንባቢውን ሳምንት ያስጠብቅ ነበር፣ አንቺም እስከ ማታ ጠብቂ አለቻት።

«እሱስ አስጠብቆ ሞቷል፣» አለች ዋጋዬ፣ «አንቺ ግን ራት የምትበይው እኔ ቤት ነው።»