ስግደት በሌለበት ሰሞን

ወንድሜ ይታገሱ ይሰግዳል። ጉልበቱን ድንጋዩ ላይ፣ ግንባሩን መሬት ላይ፤ ተነስቶ እንደገና። ከጥቅምት ጀምሮ ነአኩቶ ለአብ ገዳም፣ ጠበሉ የሚንጠባጠብበት ዋሻ አፍ ላይ ነው። ተሳላሚዎች «የበቃ ሰው ነው» እያሉ የነጠላውን ጫፍ ይስማሉ።

እኔ ጎንደር የአእምሮ ሕክምና ነርስነት ተምሬያለሁ። ይታገሱ በፊት ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማ ነበር። ስግደቱ የመጣው መድኃኒቱን ካቋረጠ በኋላ ነው። በሁዳዴ ከፊቱ ተቀምጬ በእጄ በተራ አሳየሁት፦ ጡጫ፣ የእጅ ጠርዝ፣ መዳፍ።

«አንተም አድርግ።»

ጡጫ፣ ጡጫ፣ ጡጫ። የአንጎሉ የፊት ክፍል አንዱን እንቅስቃሴ አስቁሞ ወደ ሌላው ሊያሻግረው አልቻለም። የጉልበቱ ቁስል ከሱሪው ጋር ተጣብቋል።

«ሆስፒታል ልውሰደው» አልኳት እናቴን።

«የይታገሱ እናት እያሉ እጄን ይስሙኛል። አንቺ ተምረሽ መጥተሽ እብድ ልትዪው ነው?»

የነፍስ አባታችን አባ ሀብተ ሥላሴ ካልፈቀዱ አትለቀውም። እሳቸው ደግሞ ሳቁብኝ።

«ሰው ሰገደ ተብሎ መርፌ ይወጋል እንዴ ፋና? አንቺም ሁለት ሦስቱን ብትሰግጂ ባልከፋ።»

ስቅለት ዕለት አገሩ ሁሉ ሲሰግድ ዋለ። ወንድሜን ከሰው መለየት አቃተኝ።

ከዚያ ፋሲካ ሆነ። ከትንሣኤ በኋላ ሃምሳ ቀን አይሰገድም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ማክሰኞ ስደርስ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ይታገሱ ብቻ ይወርዳል፣ ይነሳል። ዙሪያው ባዶ ነበር።

«ልጄ፣ ጌታ ተነስቷል፤ ይበቃሃል» አሉት አባ።

ወረደ።

«እንዳትሰግድ ገዝቼሃለሁ!»

ተነሳ፤ ወረደ። ትከሻውን ይዘው አቆሙት። እጃቸው ላይ ሆኖም ጉልበቱ መታጠፉን አልተወም።

«አባ፣ እግሬ እንቢ አለኝ» አላቸው።

አባ ወደ እኔ ዞሩ።

«መኪና መቼ ታገኛላችሁ?»

«ነገ ጠዋት፣ በጋሸና በኩል ወደ ደሴ አለ።»

«ውሰጂው። እናትሽን እኔ እነግራታለሁ።»

እናቴ ልትሸኘን አልመጣችም። ዋሻው አፍ ላይ ነጠላውን ሲስሙ ያየኋቸው ሴትዮ መናኸሪያው ውስጥ ነበሩ፤ ሲያዩን ፊታቸውን አዞሩ። ያልኩት ሆኖልኛል። የማካፍለው ሰው ግን አልነበረም።

ሚኒባሱ ሳይነሳ ይታገሱ ጀመረ። ግንባሩ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ይመታል። እዚያ የተቀመጠው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየን፤ ከዚያ ዕቃውን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ።

ሹራቤን አወለቅኩ። አጠፍኩትና ግንባሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ በእጄ ደግፌ ያዝኩት። ጋሸና እስክንደርስ ሁለቱም ክንዶቼ ደነዘዙ።