የአይናዲስ ስም ያለበት ዘፈን

አይናዲስ እሪ በከንቱ ተወልዳ ያደገች፣ ከሰላምታ በቀር ጉራግኛ የማታውቅ ሴት ነበረች። አትክልት ተራ ሽንኩርት የሚያከፋፍለውን ፈቀደን ባገባች በዓመቱ እናቱ እማማ አሰፋች ከአገር ቤት መጥተው አብረዋቸው መኖር ጀመሩ። ዘመኑ የቀይ ሽብር ነበርና አሮጊቷ ከግቢ አይወጡም፤ ቀኑን ሙሉ ልብስ እየጠቀሙ በቋንቋቸው ያዜማሉ።

አንድ ጠዋት አይናዲስ በዜማው መሀል ስሟን ሰማች። በማግስቱም ሰማች። ይባስ ብሎ እማማ አሰፋች ስሟን ጠርተው ለብቻቸው ፈገግ ይላሉ። ባሏን ብትጠይቀው የድሮ ዘፈን ነው ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። የድሮ ዘፈን የእሷን ስም ከየት እንዳመጣው ግን አልነገራትም። ነገሩ ከነከናት፤ ምግብ ስታቀርብ እንኳ አማቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

በመጨረሻ ጊዮርጊስ አካባቢ ጨርቅ የምትሸጠውን ጎረቤቷን ሸሪፋን ለመነቻት። ሸሪፋ አፏን የፈታችው በእማማ አሰፋች ቋንቋ ነው። ወንፊት ልትዋስ የመጣች መስላ በሩ ላይ ቆመችና ዘፈኑ እስኪያልቅ አዳመጠች። ከዚያ አፏን በሻሿ ሸፍና አይናዲስን ወደ ውጭ ጎተተቻት።

"ስድብም አለበት፣ ምርቃትም አለበት። የቱን ላስቀድም?"

"ስድቡን።"

"ጎመን ስትከትፍ ለበሬ ሣር የምታጭድ ትመስላለች ይላሉ።"

አይናዲስ ፊቷ ቀላ። ምርቃቱ ምን ሊሆን ነው ብላ ልትገባ ስትል ሸሪፋ ክንዷን ያዘቻት። አሁን አትስቅም።

"ልጄ ሲያመሽብኝ፣ እኔ እንዳልፈራ ብላ ፍርሃቷን ትደብቃለች፤ አይናዲስን የወለደ ማህፀን ይባረክ። እንዲህ ነው የሚሉት።"

ፈቀደ ከቀበሌ ስብሰባ በዘገየ ቁጥር አይናዲስ ጆሮዋን ወደ በሩ ጥላ ለአማቷ የሰርግ ወሬ ታወራ ነበር። የነቁባት ግን አልመሰላትም።

ከሸሪፋ አንዲት ስንኝ ተማረች፤ ውሃ ስትቀዳም ቤት ስትጠርግም አጠናቻት። ቅዳሜ ዕለት እማማ አሰፋች ስሟን ሲጠሩ ከጓዳ ሆና በራሳቸው ዜማ ተቀበለቻቸው። ቢላዋው ዱልዱም ነው፣ እማማ ይሳሉልኝ የሚል ነበር።

እማማ አሰፋች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ወዲያውም ሌላ ስንኝ አወረዱ። አይናዲስ ከዚህኛው አንዲት ቃል አልገባትም። መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ይሄኛውስ ምን ማለት ነው፣ እማማ?"

"ምላስሽም እንደ ቢላዋሽ ዶልዱሟል ማለት ነው፣ ልጄ። ነይ፣ እኔው እስልልሻለሁ" አሉና እያንዳንዷን ቃል እያስደገሙ ይፈቱላት ጀመር።

በዓመቱ አይናዲስ አትክልት ተራ ወርዳ ከባሏ ደንበኞች ጋር በጉራግኛ ትከራከር ነበር። ማን እንዳስተማራት ሲጠይቋት አማቴ ትላለች፤ እማማ አሰፋች ግን ልጄ እንጂ ምራቴ ብለዋት አያውቁም።