ጎዶሎ አድራሻ

በ1980 ዓ.ም. ክረምት ጂንካ ውስጥ ኮምፒዩተር የምትነካው ጥሩብርሃን ብቻ ነበረች። የምትሠራበት የወንዝ ጥናት ፕሮጀክት ኦሞራቴ ላይ የውሃውን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ አቁሟል። መሣሪያው ራሱ ቁጥር አያሳይም፤ የለካውን በሬዲዮ ይልካል፤ ኮምፒዩተሯ ተቀብሎ ስንት ሜትር እንደሆነ ይነግራታል። ሁለት ክረምት እንዲህ ከሠራ በኋላ ሐምሌ ላይ መብረቅ አሮጌውን ኮምፒዩተር አቃጠለው። በምትኩ የመጣው አዲሱ ግን የመጀመሪያውን መልእክት እንደተቀበለ ቀጥ አለ። አጥፍታ ብታበራውም ያው ነው።

መመሪያውን ይዛ ሦስት ቀን ተቀመጠች። በአራተኛው ገባት። መልእክቱ የሚጀምረው በጣቢያው መለያ፣ በአንዲት ፊደል ነው፤ ሁለት ባይት፣ ማለትም ሁለት የሜሞሪ ቦታ፣ የሚይዘው ከፍታ ይከተላል። ፊደሏ በሜሞሪው ዜሮ ቁጥር አድራሻ ላይ ስትቀመጥ ከፍታው ከአንድ ቁጥር ይጀምራል። አሮጌው ማሽን ከየትም ቢጀምር ሁለት ጊዜ ጎትቶ ያነበው ነበር። አዲሱ ሁለት ባይት አንድ ላይ የሚያነሳው ከተጋማሽ ቁጥር፣ ከዜሮ፣ ከሁለት ወይም ከአራት፣ ሲጀምር ብቻ ነው፤ ጎዶሎ ላይ ካገኘው ሥራውን ያቆማል። ከፊደሏ ቀጥሎ አንድ ባዶ ባይት ቢገባ ኖሮ ሁሉም ይስተካከል ነበር።

ያቺን ባይት የምታስገባበት መንገድ ግን አልነበራትም። መልእክቱን የሚቀበለው ከርነሉ፣ ማሽኑን ከሥር የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ አዲስ አበባ ቺፕ ላይ ተጽፎ የመጣ ነው፤ ጂንካ ላይ ሊለወጥ አይችልም። በሬዲዮ አስረድታ አዲስ ቺፕ ተጻፈላት። ጂንካ ግን ዝናቡ አላባራ አለ፤ ማረፊያው ጭቃ ሆኖ አውሮፕላኑ ሁለት ጊዜ ሳያርፍ ተመለሰ።

የመሣሪያው ጠባቂ ሙሴ በየማለዳው ከኦሞራቴ በሬዲዮ ያገኛታል። አንድ ቀን ውሃው በአንድ ሌሊት ክንድ ያህል ጨምሮ የዳሰነች አርብቶ አደሮች ከብት ወደሚውልበት ዳር ተጠግቷል አላት። ወደ ኃላፊዋ ጓድ መኮንን ሮጠች። እሱም ቀድሞ የበላዮቹን ጠይቆ ነበር፤ ያለ ቁጥር ከብት አንሡ ብለን አናዝም ብለውታል።

ተመልሳ ሬዲዮውን ያዘች። «ሙሴ፣ ትእዛዝ አትጠብቁ። ከብቱን ከዳር አንሡ በላቸው።»

«ብያለሁ እህቴ። ሽማግሌዎቹ አምና ማሽኑ ቀድሞ ነግሮናል፣ ዘንድሮም ይንገረን ነው የሚሉት። ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

«እንግዲህ ጎርፍ የለም ልበላቸው?» አለ ሙሴ። የተናገረችው እንዴት እንደሚሰማ ያኔ ገባትና ጎርፍ የለም ማለት አይደለም፣ ማሽኑ ማንበብ አቅቶት ነው ስትል ደጋገመች። እሱ ተረድቷታል። ይህን ግን በዳሰነች ቋንቋ ለሽማግሌዎቹ እንዴት አድርጎ እንደሚነግራቸው አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ሬዲዮው ዝም አለ። ሙሴ በሬዲዮ የተገኘው በስድስተኛው ቀን ነው። ሰው ተርፏል። ዳር የነበረው ከብት አብዛኛው በጎርፉ ተወስዷል፤ የእህል ጎተራዎቹም፣ መሣሪያውም ከነምሰሶው።

ሰማዩ ሲገለጥ አውሮፕላኑ አረፈ። ጥሩብርሃን ቺፑን ተክላ ኮምፒዩተሩን አበራችው። አልቆመም፤ መልእክት እየጠበቀ እንደሆነ ጻፈ።

ጓድ መኮንን ከበሩ ላይ ሆኖ ይሠራ እንደሆነ ጠየቃት።

«ይሠራል» አለችው።